የውኃ አገልግሎቱ ከእህት ድርጅቱ ሲገዛ፦ ወጪው ታሪፍ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጥያቄውን የላኩልኝ ሰው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ከተማ የውኃ አገልግሎት ቦርድ ላይ የተጠቃሚዎች ተወካይ ናቸው። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አገልግሎቱ የመስመር ዝርጋታውን፣ ጥገናውንና የቆጣሪ ግዢውን ያለ ጨረታ ለአንድ የልማት ድርጅት ሰጥቷል። ድርጅቱን ያቋቋመው የከተማው አስተዳደር ራሱ ነው፤ የውኃውንም የድርጅቱንም ቦርድ የሚሰበስቡት አንድ ሰው ናቸው። አሁን "ወጪያችን ጨምሯል" ተብሎ የታሪፍ ማሻሻያ ቀርቧል። ጠያቂያችን ስለ ውሉ ሲያነሡ "ከመንግሥት አንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ገባ፤ ማን ተጎዳ?" የሚል መልስ አገኙ። "ውሉን ማስቆም እንችላለን? ካልቻልንስ ምን እንጠይቅ?" ይላሉ።

ጉልበትዎን ውሉን በማፍረስ ላይ አይጨርሱ። ውል ማፍረስ ክርክር አለው፣ ካሳ አለው፣ ጊዜ ይበላል። ቦርዱ እጅ ላይ ያለው ጠንካራው መሣሪያ ታሪፉ ነው። አገልግሎቱ ለእህት ድርጅቱ፣ ማለትም የአንድ ባለቤት ልጅ ለሆነው ለዚያ የልማት ድርጅት፣ የፈለገውን ከፍሎ ሊሆን ይችላል፤ የከፈለውን ሁሉ ግን ከደንበኛው መልሶ ይሰበስባል ማለት አይደለም። አንድ ወጪ ታሪፍ ውስጥ የሚገባው ተገቢ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ማረጋገጥ ያለበትም "ታሪፍ ይጨመርልኝ" ባዩ ነው። እርስዎ ዋጋው የተጋነነ መሆኑን እንዲያስረዱ አይጠበቅብዎትም። እነሱ አለመጋነኑን ያስረዱ። ካላስረዱ ወጪው ከታሪፍ ስሌቱ ይወጣል፣ ውሉ ግን በቦታው ይቆያል።

የኪሱ መልስ አንድ ሰው ረስቷል። የውኃ አገልግሎት ገንዘብ የሚመጣው በየወሩ ቆጣሪው ተነብቦ ቢል ከሚከፍለው ቤተሰብ፣ ከሻይ ቤቱ፣ ከጠላ ቤቷ፣ በጀሪካን ከቦኖ ከሚቀዳው ሰው ነው። በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ የራሳችሁን ተኩበት። አገልግሎቱ በዓመት 480,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሸጣል እንበል። ለእህት ድርጅቱ 9.6 ሚሊዮን ብር ይከፍላል። ያንኑ ሥራ ሌላ ተቋራጭ፣ ወይም የአገልግሎቱ የራሱ ሠራተኛ፣ በ7.2 ሚሊዮን ይጨርሰው ነበር። ልዩነቱ 2.4 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለ480,000 ሲካፈል በሜትር ኩብ 5 ብር ይመጣል። በወር 6 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤተሰብ በወር 30፣ በዓመት 360 ብር ይጨምራል። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ፣ ከቦኖ የሚቀዳው ሰው ደግሞ በየጀሪካኑ 10 ሳንቲም ይከፍላል። 10 ሳንቲም ምን አላት ይባል ይሆናል። ይህችን 10 ሳንቲም ግን ግብር ብሎ ያወጃት ምክር ቤት የለም።

መርካቶ ያለ ነጋዴ ከወንድሙ በውድ ቢገዛ ኪሳራው የራሱ ነው፤ ዋጋ ቢጨምር ገዢው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋል። የውኃ ደንበኛ ግን የሚያልፍበት ቀጣይ ሱቅ የለውም። መብራቱንና ውኃውን፣ በአንድ ኩባንያ እጅ በነበረ ጊዜም ቴሌኮሙን፣ ከሌላው ንግድ የሚለያቸው ይኸው ነው፤ ዋጋቸውም በተቆጣጣሪ እጅ እንዲወሰን የተደረገው ለዚህ ነው። ቁጥጥሩ ግን አገልግሎት ሰጪው ላይ ብቻ ከቆመ ቀዳዳ ይተዋል። አገልግሎቱ ራሱ ማትረፍ የሚችለው የተወሰነ ነው፤ እህት ድርጅቱ ግን ገደብ የለበትም። ስለዚህ ትርፉ ከተቆጣጠሩት ቤት ወጥቶ ካልተቆጣጠሩት ቤት ያድራል፤ በመጀመሪያው ቤት መዝገብ ላይ ደግሞ "ወጪ" ተብሎ ይጻፋል።

በግል ኩባንያ ከሆነ ምክንያቱን መፈለግ አያሻም፤ ባለአክሲዮኑ ያተርፋል። የከተማ አስተዳደር ምን ያተርፋል? ብዙ ጊዜ ሌብነት ብቻ ይመስለናል። የከፋው ግን ማንም ኪሱ ሳይከት የሚሆነው ነው ብዬ አምናለሁ። የልማት ድርጅቱ ሠራተኛ መያዝ አለበት፣ የዓመት ዕቅዱን "አሳክቻለሁ" ማለት አለበት፣ አስተዳደሩም በጀት የሌለው ሥራ አለበት። የውኃ አገልግሎቱ ደግሞ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ የሚሰበስብ ቤት ነው። እናም በቅን ልቡናም ቢሆን እጅ ወደዚያው ይዘረጋል።

ይህ ጭቅጭቅ ከእኛ በፊት ሌሎችን አስጨንቋል፤ የአሜሪካንን ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የተሳሳቱበትም በኋላ ያረሙበትም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሚዙሪ ግዛት ሳውዝዌስተርን ቤል የሚባል የስልክ ኩባንያ ነበር። አክሲዮኑን ከሞላ ጎደል የያዘው የቤል ስልክ ኩባንያዎች ባለቤት የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ ነው። የሚዙሪው ኩባንያ ለስልክ ቀፎ ኪራይና ለልዩ ልዩ "አገልግሎት" ከጠቅላላ ገቢው 4.5 በመቶ ለባለቤቱ ይከፍል ነበር። የግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን "ይህ በዝቷል" ብሎ ከግማሽ በላዩን ከወጪ ስሌቱ አወጣው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑን ረታው። ኮሚሽኑ የንብረቱ ባለቤት አይደለም፣ ክፉ ልቡና እስካልተገኘ ድረስ በሥራ አስኪያጆቹ ውሳኔ ላይ የራሱን ውሳኔ መተካት አይችልም ተባለ። እርስዎ የተሰጠዎት መልስ የዚህ የ1923ቱ ፍርድ የልጅ ልጅ ነው።

ስምንት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ቺካጎ ውስጥ ኢሊኖይ ቤል በስልክ ታሪፍ ላይ ተከራክሮ ነበር። የስልክ ዕቃውን የሚገዛው ከዌስተርን ኤሌክትሪክ ነው፤ የሁለቱም ባለቤት ያው ኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ኩባንያው ጥሩ መከራከሪያ ነበረው፦ "ዌስተርን ኤሌክትሪክ ለእኛ የሚሸጥበት ዋጋ ከሌሎች አምራቾች ይረክሳል።" የሥር ፍርድ ቤቱም ይህን ተቀበለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1930 በዋና ዳኛ ሂዩዝ ብዕር "አይበቃም" አለ። ይህ ፋብሪካ የመላው የቤል ቤተሰብ የማምረቻ ክፍል ያህል ነው፤ ገበያውን ሳይሻማ ያገኘ ድርጅት ከሌላው ቢረክስ ምኑ ይደንቃል? መታየት ያለበት በዚህ ሥራ ስንት አተረፈ የሚለው ነው፤ ለባለቤቱ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያም እንዲሁ በእውነተኛ ወጪው ይመዘን ተባለ። በ1923 የተጀመረው የቺካጎ ታሪፍ ክርክር የተቋጨው በ1934 ነው፤ ለደንበኞችም ተመላሽ ተደረገ። አሥራ አንድ ዓመት! ተቆጣጣሪው ከመጀመሪያው ሰነዱን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

በዚያው በ1934 ከኦሃዮ የመጣ የጋዝ ክርክር ላይ ዳኛ ካርዶዞ የማስረዳቱን ሸክም ነገር አጸኑት። ሻጭና ገዢ የአንድ ባለቤት ሲሆኑ በመካከላቸው እውነተኛ ድርድር ስለማይኖር፣ ዋጋው ትክክል መሆኑን የሚያስረዳው ኩባንያው ነው። እኔ ለእርስዎ ከላይ ያልኩት ከዚህ የተቀዳ ነው።

በመካከሉ ደግሞ የሳሙኤል ኢንሱል ነገር መጣ። ለንደን ተወልዶ፣ የቶማስ ኤዲሰን ጸሐፊ ሆኖ፣ ኋላ ቺካጎ ላይ የኤሌክትሪክ ንጉሥ የሆነ ሰው ነው። ኩባንያ በኩባንያ ላይ እየደረበ ማማ ሠራ። ከላይ ያሉት ኩባንያዎች ከታች መብራት ለሚሸጡት "የአስተዳደር"፣ "የምህንድስና"፣ "የግንባታ" እያሉ ሒሳብ ይልኩላቸው ነበር። ማማው በ1932 ፈረሰ፤ ቁጠባቸውን ያፈሰሱ ብዙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኢንሱል ራሱ ተከሶ ነጻ ወጥቷል። በ1935 የወጣው የሕዝብ አገልግሎት ባለይዞታ ኩባንያዎች ሕግ ግን በአንቀጽ 13 በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ኩባንያዎች አንዱ ለሌላው አገልግሎት ሲሰጥ፣ ሲሸጥ ወይም ሲገነባ በወጪ ዋጋ እንዲሆንና ወጪውም በትክክል እንዲደለደል አዘዘ። ያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ተሽሯል፤ ሥራው ዛሬ በፌዴራሉ የኢነርጂ ኮሚሽንና በየግዛቱ ኮሚሽኖች መካከል ተከፋፍሎ ይገኛል።

ከግዛቶቹ ለእናንተ የሚሆነው የዊስኮንሲኑ ነው። እዚያ 5 በመቶ የድምፅ አክሲዮን የያዘ ሁሉ እንደ እህት ይቆጠራል፤ 50 በመቶን መጠበቅ የለም። ከእህት ጋር የሚደረግ ውል ኮሚሽኑ በጽሑፍ ካላጸደቀው አይጸናም። ከጸደቀ በኋላም ቢሆን ታሪፍ በሚታይበት ጊዜ ተገቢነቱ ያልተረጋገጠ ክፍያ ከስሌቱ ይወጣል። ሁለት በር ነው፤ አንዱ ሲፈረም፣ ሌላው ሲከፈል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው በር ክፍት ሆኖ አልፏል እንበል፤ ሁለተኛው ገና አልተከፈተም፣ ቁልፉም እናንተ ዘንድ ነው።

ዋጋው በምን ይለካ? የአሜሪካው ፌዴራል የኢነርጂ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸናው ደንብ ላይ ላዩን ቀላል ነው፦ አገልግሎት ሰጪው ከእህቱ ዕቃ ሲገዛ ከገበያ ዋጋ በላይ አይከፍልም፤ ለእህቱ ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ ከወጪውና ከገበያው ከፍ ባለው ያስከፍላል። ሁለቱም አቅጣጫ ወደ ደንበኛው ያደላል፤ እንዲያደላም ታስቦ ነው። ብዙ ግዛቶች ደግሞ ግዢው ላይ ጠበቅ አድርገው ከወጪና ከገበያ ዝቅተኛውን ይወስዳሉ። ለትንሽ ከተማ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የገበያ ዋጋ ማጣራት ከባድ በሆነበት ቦታ ቢያንስ እህት ድርጅቱ ዕቃውን በስንት እንዳመጣው ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው አቅጣጫ፣ ማለትም አገልግሎቱ ለእህቱ የሚሰጠው፣ በእኛ ከተሞች ከግዢው የበለጠ ይረሳል። የውኃ አገልግሎቱ ቦቴ ለኮብልስቶን ሥራው ውኃ ሲያመላልስ ይውላል፤ ነዳጁና ሾፌሩ በውኃው መዝገብ ላይ ነው። የአገልግሎቱ ቧንቧ ሠራተኛ ደመወዙን ከውኃ እየበላ ሳምንቱን የልማት ድርጅቱ ፕሮጀክት ላይ ያሳልፋል። የአገልግሎቱ ግቢ ግማሹ የድርጅቱ መጋዘን ሆኗል፣ ኪራይ የለም። በውል ላይ ስላልተጻፈ ማንም "ውል" አይለውም፤ ደንበኛው ግን ይከፍለዋል። የቦቴውን መውጫ ደብተር ካገኙ የሦስት ወሩን ብቻ ይቁጠሩ፣ ይበቃዎታል።

አሁን ወደ ሰነዱ እንውረድ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው። "የገበያ ዋጋ አጥንተናል" ሲሉ ሦስት ፕሮፎርማ ያቀርቡልዎታል። ሦስቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ያንጥፏቸው። ቀናቸው አንድ ነው? ፊደሉ፣ የሠንጠረዡ መስመር፣ የዕቃው ዝርዝር ቅደም ተከተል አንድ ነው? ሦስት የተለያዩ ሱቆች "ግማሽ ኢንች ቆጣሪ" የሚለውን በአንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት ጽፈው ማኅተሙ ብቻ ከተለያየ፣ ፕሮፎርማው ከአንድ ኮምፒዩተር ነው የወጣው። ዋጋዎቹም ከእህት ድርጅቱ ዋጋ ላይ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ የሚሄዱ ከሆነ እንዲሁ ነው።

ፕሮፎርማውን ለጊዜው ይተዉትና ዋናውን ይጠይቁ፦ እህት ድርጅቱ ቆጣሪውን ራሱ የገዛበት ደረሰኝ። ከአስመጪው በስንት ገዛ፣ ማጓጓዣ ስንት ከፈለ፣ በላዩ ላይ ስንት ጨመረ? ቀጥሎ የውኃ አገልግሎቱ ዕቃውን የተረከበበት ሞዴል 19 አለ፤ ከመጋዘን ወጪ የሆነበት ሞዴል 22 አለ። በሞዴል 19 ላይ 500 ቆጣሪ ገብቶ፣ በሞዴል 22 ላይ 310 ወጥቶ፣ መጋዘን ውስጥ 190 ካልተቆጠረ ጥያቄው ከዋጋ አልፏል። ያኔ የእርስዎም የእኔም መሆኑ ቀርቶ የኦዲተር ይሆናል።

ጥገናው ከዕቃው ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ድርጅቱ የሚከፈለው በጠገነው ልክ ከሆነ፣ መስመሩ እየተሰበረ ቢኖር ይሻለዋል። ተንኮል ባያስብ እንኳ አንዴ በደንብ የመሥራት ጉጉት የለውም። የሥራ ትዕዛዝ ቅጾቹን በቀን ሳይሆን በሰፈር ለይተው ይደርድሯቸው። ያው መጋጠሚያ በዓመት አራት ጊዜ ተጠግኖ ከተገኘ አራት ጥገና አልተገዛም፤ አንድ ያልተሳካ ጥገና አራት ጊዜ ተከፍሎበታል። ለዚህ መድኃኒቱ ከዋጋ ክርክር ይልቅ የውል አንቀጽ ነው፦ በተጠገነው ቦታ ላይ በተወሰነ ወራት ውስጥ ዳግም ከፈሰሰ በነጻ ይሠራል የሚል።

ሕጋችን ምን ይላል ለሚለው፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩ አለን። (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) የ1952ቱ ንግድ ሕግ በአንቀጽ 356 አንድ የአክሲዮን ማኅበር ከዲሬክተሩ ጋር በቀጥታም ሆነ በእጅ አዙር የሚያደርገው ውል አስቀድሞ በቦርዱ እንዲፈቀድና ለኦዲተሮች እንዲገለጽ ያዝዝ ነበር። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የኩባንያዎችን ቡድን ራሱን ችሎ ያየዋል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል የሚደረግ ግብይት ዋጋው ነጻ በሆኑ ወገኖች መካከል እንደሚሆነው ካልሆነ ግብር ሰብሳቢው እንዲያስተካክለው ይፈቅዳል። ይህ ግን የተጻፈው ለግምጃ ቤት ነው። ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው "ትርፉ የት ተመዘገበ?" ብሎ ነው፤ የጀሪካኗን 10 ሳንቲም እሱ አይፈልጋትም።

ሒሳብ አያያዙ ዘንድ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎችን የሚከተል ድርጅት ከተዛማጅ ወገኖች ጋር ያደረገውን ግብይት በማብራሪያ ላይ ማሳየት አለበት፤ ደረጃው ቁጥር 24 ይባላል። ችግሩ ይህ ደረጃ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ላሉ ድርጅቶች ማቅለያ መስጠቱ ነው፤ ሁለቱም የአንድ መንግሥት ከሆኑ እያንዳንዱን ግብይት መዘርዘር አይገደዱም። አስተዳዳሪዎች ይህን ያውቁታል። የማቅለያው ሁለተኛ ክፍል ግን አይነበብም፦ በተናጠል ትልቅ የሆነ ግብይት ዓይነቱና መጠኑ ይገለጻል፣ መንግሥቱም በስም ይጠቀሳል። ለአንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት የጥገናው ሁሉ ውል "ትልቅ" ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አገልግሎታችሁ ይህን ደረጃ የማይከተል ቢሆን እንኳ ማብራሪያውን በቦርድ ውሳኔ ማዘዝ ይቻላል፤ ለማዘዝ አዋጅ አያስፈልግም።

በመብራቱ በኩል ያለውም መታየት አለበት። በ2006 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል አንዱ አመንጪና አስተላላፊ፣ ሌላው አከፋፋይ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከፋፋዩ ኃይል የሚገዛው ከወንድሙ ነው፤ የሁለቱም አባት መንግሥት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚከፈለው የመብራት ቢል ውስጥ ይህ የወንድማማች ዋጋ አለ። እዚያ ቢያንስ በአዋጅ 810/2006 የተቋቋመውና ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት የአገር አቀፉን መረብ ታሪፍ መርምሮ ለመንግሥት ያቀርባል። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽኑን፣ የሜቴክንም አንርሳ። ኮርፖሬሽኑ በ2002 ተቋቁሞ የሕዳሴ ግድቡን የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ይዞ ነበር፤ አሠሪውም ሠሪውም የመንግሥት ናቸው። በነሐሴ 2010 ሥራው ከእጁ መወሰዱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነገረ፤ ለሌሎች ተቋራጮችም ተላለፈ። ስለ ብቃቱ ብዙ ተብሏል። ከእኛ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው አሠሪው "ዘገየህ፣ ቅጣት ክፈል" ለማለት ማን ዘንድ ሄዶ ይከራከር ነበር የሚለው ነው። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ።

ለከተማ ውኃ ሌላ አደጋ አለ። የ1991 የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲያችን ለገጠር ታሪፉ ማንቀሳቀሻና ጥገናን እንዲሸፍን፣ ለከተማ ግን ሙሉ ወጪን እንዲመልስ ይላል። አሳቡ ትክክል ነው፤ ወጪውን የማይመልስ አገልግሎት ፓምፑ ሲቃጠል እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ነገር ግን "ሙሉ ወጪ" የሚለው ቃል የትኛው ወጪ እንደሆነ የሚመረምር ከሌለ ያልተሞላ ቼክ ነው። እህት ድርጅቱ ቁጥሩን ይሞላል፣ ፖሊሲው ይፈርማል፣ ደንበኛው ይከፍላል። የታሪፍ ጥናት ሲቀርብላችሁ "ሙሉ ወጪን ለመመለስ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር አልፋችሁ ሠንጠረዡ ውስጥ ግቡ።

ከሌሎች ከተሞች ጋር ማወዳደር ጥሩ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከጣርማበር ገደል ታች ቆላ ውስጥ ናት፤ መሐል ሜዳ መንዝ ላይ ከደብረ ብርሃንም ትበልጣለች። የጉድጓዱ ጥልቀት፣ ውኃው የሚገፋበት ከፍታ፣ የፓምፑ የመብራት ፍጆታ ለየብቻ ነው። "ሸዋ ሮቢት በዚህ ይሸጣል" ብለው ጠቅላላ ታሪፉን ቢያወዳድሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረቱዎታል። የሚወዳደረው ሌላ ነው። ያው ሞዴል ግማሽ ኢንች ቆጣሪ የትም ያው ቆጣሪ ነው፤ የኤችዲፒኢ (የፕላስቲክ) ቱቦ በሜትር፣ የኤክስካቫተር ኪራይ በሰዓት፣ የአንድ አዲስ መስመር ቅጥያ ጉልበት ዋጋ ይወዳደራሉ። ማጓጓዣውን ለይተው ያስቀምጡ፤ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ነው፣ መንዝ ግን ከዋናው መንገድ ገንጥሎ የሚወጣ ነው። ከሦስት አራት ከተማ የውኃ አገልግሎቶች የነጠላ ዋጋ ዝርዝር ማምጣት ደብዳቤና ጥቂት ስልክ ነው፤ ሥራ አስኪያጆቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ይህን ሁሉ ብዬ ከእህት ድርጅት መግዛት ይከልከል አልልም። ጨረታ ለሁሉም መድኃኒት ነው የሚሉትን አላምናቸውም። ትንሽ ከተማ ላይ ጨረታ ወጥቶ አንድ ተጫራች ብቻ የሚመጣበት፣ እሱም ከአዲስ አበባ ሆኖ ዋናው መስመር ሌሊት ሲፈነዳ "ሰኞ እደርሳለሁ" የሚልበት ጊዜ አለ። ከተማው ውስጥ ያለ ድርጅት በሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ለሁለት ሦስት ከተማ አንድ ወርክሾፕ መኖሩም ወጪ ይቀንሳል። አደጋ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ በጦርነቱ ዓመታት አጣዬና ሸዋ ሮቢት ያዩትን ያየ ሰው "መጀመሪያ ጨረታ አውጡ" አይልም። ብቻ የአደጋ ጊዜ ውል ማብቂያ ቀን ይኑረው። አደጋው አልፎ ውሉ እየታደሰ ከቀጠለ ልማድ ሆኗል ማለት ነው።

ስለ ሰብሳቢው ጠይቀዋል። ሁለቱንም ቦርድ መምራታቸው የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ በትንሽ ከተማ ሰው የለም፣ ያሉት ያው ናቸው። ውሉ ወይም የዚህ ወጪ ጉዳይ ሲታይ ግን ከወንበሩ መነሣት አለባቸው። ድምፅ አለመስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ከክፍሉ ይውጡ፣ ሌላ ሰው ስብሰባውን ይምራ፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ወጥተው እንደነበር ይጻፍ። በይፋ ከመጠየቅዎ በፊት ብቻቸውን አግኝተው ይንገሯቸው። "እርስዎን ለመጠበቅ ነው" ቢሏቸው ሐሰት አይሆንም፤ ኦዲት ሲመጣ ስማቸው በሁለቱም ወረቀት ላይ ነው ያለው።

በስብሰባው ላይ የሚያቀርቡት አሳብ አጭር ይሁን። ታሪፉን በሙሉ አይቃወሙ፤ የመብራት ዋጋው እውነት ጨምሯል፣ ደመወዝም ጨምሯል፣ ኬሚካልም ጨምሯል። ሁሉን ከተቃወሙ "ውኃ እንዲቋረጥ ይፈልጋሉ" ይባላሉ፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ከእህት ድርጅቱ ጋር የተያያዙት መስመሮች ከወጪ ሠንጠረዡ ተለይተው ለብቻቸው ይቀመጡ ይበሉ። ቀሪው ይጽደቅ። ለተለዩት መስመሮች ድርጅቱ ራሱ የገዛበት ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 እና 22፣ የሥራ ትዕዛዝ ቅጾቹ፣ የሠራተኛና የተሽከርካሪ ድልድሉ በተወሰነ ቀን ይቅረብ፤ ቀኑን ቦርዱ ይቁረጥ። ሰነድ የመጣለት መስመር በወጪው ልክ ይገባል። ያልመጣለት አይገባም፤ ልዩነቱን አገልግሎቱ ከእህቱ ጋር ይጨርስ። በሚቀጥለው ውል ላይ ደግሞ ድርጅቱ መዝገቡን ለቦርዱና ለኦዲተር የመክፈት ግዴታ ይግባ፤ ይህ አንቀጽ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ልመና ነው የሚለምኑት።

ድምፁን ከተሸነፉ ተቃውሞዎ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። "አልተስማማሁም" ብቻ ብሎ መፈረም ዋጋ የለውም። የትኛው መስመር፣ ስንት ብር፣ የትኛው ሰነድ ተጠይቆ እንዳልቀረበ ተለይቶ ይጻፍ። ቅጂ ይያዙ። የክልሉ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገላብጠው ቃለ ጉባኤውን ነው፤ መስመሩንና ብሩን ለይቶ የጻፈ አባል ካገኘ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።